«ወሰኑ እዚህ ጋ ነው» ከማለት በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሰው አለልቱንና ሸኖን አልፎ ጫጫ ይደርሳል። ሸኖ ያለችው ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ነው፤ ጫጫም ያለችው ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ነው። ዞኖቹ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ መቀመጫው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው፣ ሌላው መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራው ሰሜን ሸዋ ነው። ስማቸው እንኳ ያልተለየ ሁለት ዞኖች ወሰናቸው የት ነው ቢባል፣ መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም።

ፌስቡክ ላይ ግን መልሱ ለሁሉም ቀላል ነው። አንዱ የንጉሡን ዘመን የአውራጃ ካርታ ይለጥፋል፤ ሌላው ስልኩ ላይ የሚያየውን መስመር ያሳያል፤ ሦስተኛው «ወሰናችን ጀማ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስቱም የሚያዋጡ አይደሉም፤ ከጀማ ወንዝ ልጀምር።

ከሙከ ጡሪ ተነስቶ ዓለም ከተማ የሚደርሰው መንገድ ብዙ ነገር ያስተምራል። ሙከ ጡሪ ኦሮሚያ ነው። ከዚያ ለሚ ስትደርሱ እንሳሮ ወረዳ ገብታችኋል፤ እንሳሮ አማራ ክልል ነው፤ ጀማን ግን ገና አልተሻገራችሁም። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ድልድዩን አልፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ መርሐ ቤቴ ትደርሳላችሁ፤ እሱም አማራ ክልል ነው። በዚያ በኩል ጀማ የክልል ወሰን ሳይሆን በአንድ ዞን ሁለት ወረዳዎች መካከል የሚያልፍ ወንዝ ነው ማለት ነው። ወደ ምዕራብ ወረድ ስትሉ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከፍቼ በኩል ጀማን ተሻግራችሁ ጉንዶ መስቀል ስትደርሱ ያላችሁት ደራ ወረዳ ነው፤ ደራ ደግሞ የኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ወረዳ ነው። ስለዚህ ወንዙ አንዳንድ ቦታ ወሰን ነው፣ አንዳንድ ቦታ አይደለም። ካርታ ላይ ያለ ወፍራም ሰማያዊ መስመር ሁሉ ወሰን የሚመስለን ዓይናችን ስለሚወደው ነው።

የአውራጃው ካርታ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ሸዋ ጠቅላይ ግዛት በነበረ ጊዜ የዛሬውን የሁለቱን ሰሜን ሸዋ አገር ከያዙት አውራጃዎች መካከል ሰላሌ፣ ተጉለትና ቡልጋ፣ መርሐ ቤቴ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ ይገኙበታል። ከአብዮቱ በኋላ ጠቅላይ ግዛት «ክፍለ ሀገር» ተባለ። በ1980 ዓ.ም. የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሥርዓት ሲመጣ አገሪቱ በ24 አስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ተከፈለች፤ ከነዚያ አንዱ ሰሜን ሸዋ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 ደግሞ 14 ክልሎች ተቋቋሙ፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ዘጠኝ ክልሎችን በስም ዘረዘረ። በስም ብቻ። ሕገ መንግሥቱ ካርታ አልተያያዘበትም፣ አንድም የነጥብ መለኪያ የለውም፣ የወረዳ ዝርዝር እንኳ የለውም። አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ነው ይላል። ይህ የመርሕ አንቀጽ ነው፤ ይዛችሁት ገደል ብትወርዱ ድንጋይ የት እንደምትተክሉ አይነግራችሁም።

የዚህ ውጤት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአውራጃ ካርታ የትናንት አስተዳደር ማስረጃ ይሆናል እንጂ የዛሬ መብት ምንጭ አይሆንም። የዛሬው ሕግ የሚጠይቀው በዚያ መሬት ማን እንደሰፈረና ምን እንደሚፈልግ ነው። ሁለተኛ፣ ስልካችሁ ላይ የምታዩት የክልል መስመር ከሕገ መንግሥቱ የወጣ አይደለም። አብዛኛው መረብ ላይ የሚዘዋወረው የወረዳና የቀበሌ መስመር መነሻው ለሕዝብና ቤት ቆጠራ የተሠራ ካርታ ነው። ቆጣሪው የሚያስፈልገው ቤት እንዳይዘለልና ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው፤ ስለዚህ አገሩን 150፣ 200 ገደማ አባወራ በያዙ የቆጠራ ቦታዎች ይከፋፍላል፤ መስመሩም በመንገድ፣ በወንዝ፣ በሸንተረር ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ለቆጣሪ ስለሚመች። ቤት የሌለበት ገደልና ግጦሽ ወዲህ ቢካለል ወዲያ ለቆጠራው ለውጥ የለውም። ጠብ የሚነሳው ግን ቤት በሌለበት በዚያው ገደልና ግጦሽ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ካርታዎች ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል «ይህ መስመር የአስተዳደር ወሰንን በይፋ አያሳይም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጻፍባቸዋል። ካርታውን ቆርጦ የሚለጥፈው ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ያንን ጥግ ነው።

ሦስት ጥያቄ በአንድ ማመልከቻ

የወሰን ክርክር የማይቋጨው በእኔ ግምት ሰዎቹ ግትር ስለሆኑ ብቻ አይደለም። «የወሰን ጥያቄ» ተብሎ በሚቀርብ ማመልከቻ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ታጭቀው ይገኛሉ። መስመሩ የት ያልፋል የሚለው አንዱ ነው። ሕዝቡ በማን ይተዳደር፣ ማንነቱስ ይታወቅለት ወይ የሚለው ሌላ ነው። ሣሩን፣ ውሃውንና ማሳውን ማን ይጠቀም የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ማስረጃ፣ የራሱ ባለሙያ አለው። የአንዱን መልስ ለሌላው ስትሰጡ ፋይሉ ይዘጋል፣ ጠቡ ይቀጥላል።

የመጀመሪያው በር አንቀጽ 48 ነው። የሁለት ክልሎች ወሰን ሲያከራክር መጀመሪያ የሚመለከታቸው ክልሎች ይስማሙ፤ መስማማት ካቃታቸው የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስን፤ የመጨረሻ ውሳኔውንም ጉዳዩ በቀረበለት ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ይስጥ ይላል። የምክር ቤቱን አሠራር የሚዘረዝረው ቀድሞ አዋጅ 251/1993 ነበር፤ አሁን አዋጅ 1261/2013 ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ተከራካሪዎቹ ክልሎቹ መሆናቸውን ነው። የአንድ ቀበሌ ነዋሪ ፊርማ አሰባስቦ በቀጥታ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በር ቢያንኳኳ፣ ጥያቄው የክልል ወሰን ከሆነ ክልሉ እንዲይዘው ይመለሳል። ጥያቄው የማንነት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በክልሉ ውስጥ ያሉት እርከኖች እንዲያዩት ይጠበቃል፤ እዚያ ሳይታይ የመጣ አቤቱታ በዚያው ይመለሳል። የማንነቱ መንገድ ያለ ወሰን ክርክርም እንደሚሄድ የስልጤ ጉዳይ ያሳያል፤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ ተለይቶ ሲወጣ የክልል መስመር አልተነካም፣ በክልሉ ውስጥ የአስተዳደር እርከን ነው የተለወጠው።

በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1101 የተቋቋመው የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን 41 አባላት ነበሩት። ሥልጣኑ ማጥናትና ምክረ ሐሳብ ማቅረብ እንጂ መወሰን አልነበረም። ብዙ ሰው ኮሚሽኑ ካርታ ይዞ መጥቶ ችካል የሚቸክል መስሎት ጠብቆ ነበር።

በአንድ ክልል ውስጥ ያለ የዞን ወሰን ደግሞ ሌላ ነው። ኤፍራታና ግድም፣ ቀወትና አንጾኪያ ገምዛ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጋር ይዋሰናሉ፤ የዞኑ ከተማ ከሚሴ ነው፤ ሁሉም ግን አማራ ክልል ውስጥ ናቸው። ያ መስመር ሲያከራክር አንቀጽ 48 አይጠራም፣ የክልሉ ምክር ቤት ጉዳይ ነው። መስመሩ የክልል ወሰን አለመሆኑ ጉዳቱን አያቀለውም፤ አጣዬ በ2013 ዓ.ም. የደረሰባት ጥፋት ለዚህ ይበቃል። ሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ ከቆላውም ከደጋውም የሚወርደውና የሚወጣው ሰው ዞን መርጦ አይገበያይም፤ ገበያው ሲዘጋ የሚጎዳው ሁሉም ነው።

ማስረጃ እንዴት ይታያል

ሁለቱ ወገኖች ሰነድ ይዘው ሲቀርቡ መጀመሪያ የሚታየው ማኅተሙ ነው። ቀኑ 1971 ተብሎ ማኅተሙ «ክልል» የሚል ወረቀት ይገጥማል፤ ክልል የመጣው በ1984 ስለሆነ ወረቀቱ ኋላ የተሠራ ነው። «አስተዳደር አካባቢ» የሚል ማኅተም ከ1980 በፊት የለም፤ «ጠቅላይ ግዛት» የሚል ማኅተም በደርግ መካከለኛ ዘመን አይጠበቅም። አንዳንዱ ማኅተሙን አስተካክሎ የወረዳውን ስም ይስታል፤ ወረዳው ያኔ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ነበር ወይም በሌላ ስም ይጠራ ነበር።

ከሁሉ ክብደት ያለው ማስረጃ የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ቋንቋውን በሁለት መንገድ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ለሁለት ወረዳ በፈቃዱ ግብር የሚከፍል ገበሬ ግን የለም። ተከታታይ ደረሰኝ፣ የተቋረጠበት ዓመት ጭምር፣ የትኛው ወረዳ እስከ የት ድረስ ያስተዳድር እንደነበር ያሳያል። ቀጥሎ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ አለ። የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ የተሠራው በገመድና በአዋሳኝ ስም ነው፤ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ» ይላል። አዋሳኙ እገሌ ከሞተ ወይም ከሸጋሸገ ወረቀቱ ዋጋው ይቀንሳል። ሁለተኛው ደረጃ በአየር ፎቶ ወይም በሳተላይት ምስል ላይ ተመሥርቶ ለእያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥርና ካርታ ስላለው ይሻላል። ችግሩ፣ አወዛጋቢ ቀበሌ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባው ራሱ እንዲዘገይ ይደረጋል ወይም ሁለቱም ወረዳዎች ያንኑ ማሳ ይመዘግቡታል። ሁለት ደብተር ያለው አንድ ማሳ ከማንኛውም ካርታ በላይ ያጣላል።

ከዚያ በታች የቀበሌ ቃለ ጉባኤ፣ የምርጫ መዝገብ፣ የማዳበሪያና የሴፍቲኔት ዝርዝር፣ ትምህርት ቤቱንና ጤና ኬላውን ማን እንደሠራው የሚያሳይ ወረቀት ይመጣል። እነዚህ ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ተንኮል አለባቸው። ክርክር እንደሚመጣ ያሸተተ ወረዳ ትምህርት ቤት ለመሥራት ይቸኩላል። ስለዚህ ግንባታው ከክርክሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው መጣራት አለበት። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ ነው። በግጦሽ ጫፍ ላይ በድንገት የበቀለ የባሕር ዛፍ መስመር ብዙ ጊዜ የእንጨት ፍላጎት ሳይሆን የይዞታ ጥያቄ ነው፤ ዛፉን ቆርጦ የግንዱን ዕድሜ መገመት ማን መቼ እንደመጣ ፍንጭ ይሰጣል። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ዕድሜው ከጉቶው እንጂ ከቅርንጫፉ አይነበብም።

የአሁኑ ቀበሌ ከየት መጣ የሚለውን ያወቀ ሰው ደግሞ ግማሹን ክርክር ይፈታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት አዋጅ ቁጥር 31 አንድ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋም ደነገገ። ያኔ ማኅበራቱ ወሰናቸውን ያበጁት በአብዛኛው ገበሬዎቹ ራሳቸው በእግር ዞረው ነው። በኋላ ማኅበራቱ እየተዋሃዱ ቀበሌ ሆኑ። አሁን «የእገሌ ቀበሌ» ሲባል በውስጡ ሁለትና ሦስት የቀድሞ ማኅበራት ሊኖሩ ይችላሉ። አወዛጋቢው አንዱ ማኅበር ብቻ ሆኖ ሳለ ቀበሌው በሙሉ ይከራከርበታል። የቀድሞውን ማኅበር ለይቶ ማውጣት፣ ጎጥ በጎጥ መሄድ፣ የክርክሩን ስፋት ከሺህ ሄክታር ወደ መቶ ሊያወርደው ይችላል።

የፍርድ ቤቱን ጉዳይ በአጭሩ ላንሳ። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚነሳ ክስ የሚቀርበው ንብረቱ ባለበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ነው። መሬቱ የት ክልል እንዳለ የማይታወቅ ከሆነስ? ሁለት ገበሬዎች በሁለት ወረዳ ፍርድ ቤቶች ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ይዘው ይመጣሉ፤ የአንዱ ወረዳ ፖሊስ የሌላውን ፍርድ አያስፈጽምም። ስለዚህ የጋራ ኮሚቴ ሲቋቋም መጀመሪያ ማድረግ ያለበት በአወዛጋቢው ቦታ የተያዙትን የመሬት ክሶች ዘርዝሮ ለጊዜው የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያያቸው ሁለቱ ክልሎች በጽሑፍ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። ይህ ሳይደረግ መስመር ፍለጋ መውጣት ጠቡን እየመገቡ መዳኘት ነው።

መሬት ላይ ሲወረድ

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። ፖለቲካው ተስማምቶ እንኳ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የአገራችን 1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የወሰን መስመር ራሱ 25 ሜትር መሬት ይሸፍናል። 1፡1,000,000 ካርታ ላይ ያው መስመር 500 ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ላይ ተስፋፍቶ የታተመ ካርታ ይዞ «መስመሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ ነው» የሚል ሰው የሚከራከረው ከቀለሙ ጋር ነው።

ከዚህ የባሰው የመለኪያ መነሻው፣ ማለትም የቦታ ቁጥር የሚቆጠርበት ሥርዓት፣ ልዩነት ነው። የቀደሙት የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ላይ ነው። ስልክና የእጅ ጂፒኤስ የሚሠሩት ደግሞ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ከወረቀቱ ካርታ የነጥብ ቁጥር አንብባችሁ ሳትቀይሩ ጂፒኤሱ ውስጥ ብታስገቡ፣ ነጥቡ ከትክክለኛ ቦታው ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ200 ሜትር በላይ ፈቀቅ ብሎ ይወድቃል። 200 ሜትር ስፋት በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት 20 ሄክታር ነው፤ በሸዋ ጥማድ 80 ጥማድ ገደማ። ሁለት ቡድን፣ አንዱ ከወረቀት፣ ሌላው ከስልክ ቢነሱ፣ ሁለቱም ሳይዋሹ በ80 ጥማድ ይጣላሉ። መከላከያው ቀላል ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ ቡድኖች በካርታውም በመሬትም ግልጽ የሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ድልድይ ወይም የመንገድ መገንጠያ ላይ አብረው ቆመው ያንብቡ። ቁጥሩ ካልገጠመ መሣሪያው ላይ የመነሻውን ምርጫ ያስተካክሉ፤ ዩ ቲ ኤም የሚባለው የካርታ ፍርግርግ ዞንም 37 ሰሜን መሆኑን ያረጋግጡ። ሌላ ቦታ ሄደው ሁለተኛ ነጥብ ይድገሙ። ከዚያም በቃለ ጉባኤው ላይ የነጥቦቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በየትኛው መነሻ እንደተለኩ ይጻፍ። ይህ አንድ መስመር ስላልተጻፈ ከዓመታት በኋላ ነጥቡን መልሶ ማግኘት ያልተቻለበት ሥራ ብዙ ነው።

የእጅ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሳሳታል። ጀማ ገደል ውስጥ ስትወርዱ ግን ሰማዩ ጠባብ ነው፣ ምልክቱ ከገደሉ ግድግዳ ተንጸባርቆ ይደርሳል፣ ስህተቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። እዚያ ውስጥ የማዕዘን ነጥብ አትውሰዱ። ከሁለቱም አፋፍ ላይ ሰማይ የሚታይበት ነጥብ ወስዳችሁ በመካከል ያለውን መስመር በቃላት ግለጹ። ግድ ከሆነ ደግሞ ባለ ሁለት መቀበያ መሣሪያ ይዛችሁ አንዱን አፋፍ ላይ ትታችሁ በሌላው ለረጅም ጊዜ ቆማችሁ ለኩ።

ወንዝ ወሰን ሲሆን የወንዙ የቱ ነው ወሰኑ? ጀማም ሆነ ወንጭት በክረምት ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፣ በበጋ ግን በጠጠርና በአሸዋ ደለል መካከል ሁለት ሦስት ቦታ ተሰነጣጥቆ ይሄዳል። ገበሬው ደለሉ ላይ በፓምፕ ሽንኩርት ያለማል፤ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ ዋናውን ውሃ ወደ ሌላ ወገን ይገፋውና ማሳው «ተሻግሮ» ይገኛል። በሰነዱ ላይ ሦስት ነገር መጻፍ አለበት። መስመሩ የሚያልፈው በመሐል ነው፣ በጥልቁ ነው ወይስ በዳር? ወንዙ ቀስ በቀስ ሲሸሽ መስመሩ አብሮ ይሄዳል ወይ? በአንድ ጎርፍ አዲስ መንገድ ሲያበጅስ? የተለመደው መልስ፣ ቀስ ብሎ ሲሸሽ ይከተለዋል፣ በድንገት ሲዘል በቀድሞው ይቀራል የሚል ነው። ሳይጻፍ ከቀረ ግን የሁለቱ ወረዳ አስተዳዳሪዎች እያንዳንዳቸው የሚመቻቸውን ይመርጣሉ።

ውሃ አካፋይ ሸንተረርም እንዲሁ ያሳስታል። ጣርማ በር ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስትመለከቱ ገደሉ ጫፍ ላይ መስመር የሚሰመር ይመስላል። ውሃው ግን እንደዚያ አያስብም። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ወደ ጀማና ዓባይ፣ በምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ መለያያው ብዙ ቦታ ከገደሉ አፋፍ ወደ ኋላ ገብቶ ሜዳው ላይ ነው፣ በዓይን አይታወቅም። «ገደሉ» እና «ውሃ አካፋዩ» ተብለው በሰነድ እንደ አንድ ነገር ከተጻፉ በመካከላቸው ያለው ማሳ ሁሉ ባለቤት አልባ ይሆናል።

የወሰን ምሰሶ ሲተከል አፈሩን እዩ። ከሸኖ እስከ ጫጫ፣ እነዋሪ አካባቢም፣ ደጋው ሜዳ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በመካከሉ የተተከለ ነገርን ያጋድላል። ጥልቀት የሌለው የኮንክሪት ምሰሶ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጎኑን ይይዝና «ሰው ገፋው» ተብሎ ክስ ይመጣል። ጉድጓዱ ከስንጥቁ ጥልቀት በታች ይውረድ፣ ቢያንስ ከአንድ ሜትር በላይ፤ ግርጌው ሰፋ ያለ ይሁን፤ ምሰሶው በጠጠር ይከበብ። የሚቻል ከሆነ ግን ምሰሶውን ትታችሁ የተገለጠ ዓለት ፈልጉና ምልክቱን በመሮ አስቀርጹበት፤ ዓለት አያጋድልም፣ ማታ ተነቅሎም አይወሰድም። ከምሰሶው ጋር ሦስት ቋሚ ነገሮች ድረስ ያለው ርቀት ይለካና በቃለ ጉባኤው ይሰፍር፤ ምሰሶው ቢጠፋ ከሦስቱ ተነስቶ ቦታው ይገኛል። እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ሲቆም ቀጣዩ መታየት አለበት፤ ካልታየ መካከል ላይ ሌላ ይጨመር። ማሳ ላይ የሚተከል ከሆነ በበሬ እርሻ እንዳይነካ የማሳው ጫፍ ይመረጥ።

ቃለ ጉባኤው በሁለቱም ክልሎች የሥራ ቋንቋ ይዘጋጅ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፤ ሁለቱም እኩል ይፈረምባቸው፤ ቢለያዩ የነጥቡ ቁጥር ይገዛል ተብሎ ይጻፍ። አንድ ኮረብታ ሁለት ስም ካለው ሁለቱም ስሞች ይግቡ። የጎጡ ሽማግሌዎች ከፈረሙ በኋላ የየአንዳንዳቸው ዕድሜና የሚኖሩበት ጎጥ አብሮ ይጻፍ፤ «ሽማግሌዎች መሰከሩ» ብቻ ተብሎ የተዘጋ ሰነድ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ሽማግሌዎች ይቃወሙታል።

ድምፅ ሲሰጥ

ሕዝበ ውሳኔ ጉዳዩን የሚጨርሰው የሚመስላቸው አሉ። የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ወሰን ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ድምፅ ሰጡ፤ አብዛኞቹ፣ 80 በመቶ ገደማ፣ ወደ ኦሮሚያ ሆኑ። ድምፁ ግን መሬት ላይ አልወረደም። የብዙ ቀበሌዎች መስመር ሳይካለል፣ ምሰሶ ሳይተከል፣ አስተዳደሩ ሳይረከብ ዓመታት አለፉ። በ2010 ዓ.ም. ግጭቱ ሲፈነዳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ሞያሌም ያኔም አሁንም ሁለት አስተዳደር ያላት ከተማ ናት። ድምፅ የሚነግራችሁ ቀበሌው ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ ቀበሌው የት እንደሚያልቅ አይነግራችሁም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የቀበሌውን ዙሪያ መጀመሪያ ማካለል፣ ከዚያ ድምፅ መስጠት መሆን ነበረበት።

ሌላው ጣጣ መዝገቡ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? ከስንት ጊዜ ወዲህ የኖረ? ባለፈው ግጭት የተፈናቀለው ሰው በመዝገብ ይገባል ወይስ የቀረው ብቻ ነው የሚቆጠረው? የተፈናቀለውን ካላስገባችሁ ማፈናቀል የማሸነፊያ መንገድ ይሆናል። ካስገባችሁ ደግሞ የነበረ መሆኑን በምን ታረጋግጣላችሁ? እዚህም የግብር ደረሰኝና የድሮ የምርጫ መዝገብ ይመለሳሉ። ለዚህ ነው የመዝገብ ቀኑ ከክርክሩ በፊት ባለ ቀን እንዲቆም የምመክረው፤ ዛሬን መነሻ ካደረጋችሁ የሰው ማስፈር ውድድር ነገ ይጀመራል።

ሣሩና ውሃው

በምሥራቅ፣ ከቀወትና ከአንኮበር በታች፣ ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ ላይ መስመር ማስመር ብዙ አይጠቅምም። እዚያ የሚያጣላው የአመቱ ወቅት ነው። ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ገለባው ሲቀር የአፋር ከብት ወደ ግርጌው ይወጣል፤ ገበሬውም ማሳው በከብቱ እበት ይዳብርለታል። ይህ አብሮ የኖረ አሠራር ነው። የተበላሸው በመስኖ ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርትና ማሾ በበጋ መመረት ሲጀምር ገለባው የሚለቀቅበት ወቅት ጠፋ። ከብቱ እንደ ልማዱ ይመጣል፣ ማሳው ግን አረንጓዴ ነው። ያኔ አንዱ «ሰብሌን አስበላ» ይላል፣ ሌላው «ግጦሼን አረሰ» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ጉዳዩ ወረዳ ሲደርስ ግን «የወሰን ግጭት» ተብሎ ይመዘገባል።

ለዚህ የሚያስፈልገው የክልል መስመር ሳይሆን የአጠቃቀም ውል ነው። ውሉ ከብት የሚገባበትንና የሚወጣበትን ወር፣ የሚሄድበትን ኮሪደር ስፋት በሜትር፣ ውሃ የሚጠጣባቸውን ቦታዎች፣ በስንት ቀን ተራ እንደሚጠጣ፣ ሰብል የበላ ከብት ካሣው በምን ዋጋ እንደሚተመንና ማን እንደሚተምን መዘርዘር አለበት። ኮሪደሩ ከመስኖ ቦዩ ጋር የሚቋረጥበት ቦታ ላይ ድልድይ ካልተሠራ ከብቱ ቦዩን ይንደዋል፤ ውሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል። የሚፈርሙት የወረዳ ካቢኔ አባላት ብቻ ከሆኑ ውሉ አይቆምም፤ የጎሳ መሪዎችና በአካባቢው አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ካልገቡበት ከብቱን የሚያዝዘው ሰው አልፈረመም ማለት ነው። ዋጋው ደግሞ በየዓመቱ ከመከር በፊት ይከለስ፤ የካቻምናው የሽንኩርት ዋጋ በዘንድሮው ማሳ ላይ ካሣ አይሆንም።

ሁለቱም ወገን ላይ ማሳ ያለው ገበሬ ጉዳይም በዚሁ ውል ይገባል። መስመሩ ሲካለል የሚቀየረው ማሳውን የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት እንጂ የመጠቀም መብቱ አይደለም፤ ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ግን አዲሱ ወረዳ ማሳውን «ባለቤቱ እዚህ የማይኖር» ብሎ ለሌላ ይሰጠዋል። የውሉ አንድ አንቀጽ የነባር ባለይዞታዎችን ስም ዝርዝር፣ የማሳቸውን መለያ ቁጥርና ስፋት በሄክታር ይያዝ፤ ዝርዝሩ በሁለቱም ወረዳዎች የመሬት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ማዳበሪያቸውን ከየትኛው ኅብረት ሥራ ማኅበር እንደሚወስዱ፣ ግብራቸውንም ለማን እንደሚከፍሉ ከማሳው ቁጥር ጎን ይሞላ።